ቅቤ የተቀባችው ቀይ መኪና

ባለፈው ሳምንት ቡሬ ያለውን የአባታችንን ግቢ ልናጸዳ ሄደን፣ ታላቅ ወንድሜ አያ ደምሴ የቆርቆሮውን መጋዘን በር በትከሻው ገፍቶ ሲከፍተው፣ የቆየ ቅቤና የቤንዚን ሽታ አንድ ላይ ፊቴን መታኝ፤ እኔም ስድሳ ዓመት የተጠጋኝ መምህርት መሆኔን ረስቼ ደጃፉ ላይ ቆሜ ሳቅሁ።

ሽታው የመኪናዋ ነው። ባለ ሁለት በር፣ አጠር ያለች፣ ቀይ፣ ከመሬት እምብዛም የማትርቅ የጣልያን ሥሪት፤ ለውድድር የተሠራች ነበር የምትመስለው። አባባ የእህል ነጋዴ ነበሩ። የእህል ነጋዴ የሚገዛው የጭነት መኪና ነው፤ እሳቸው ግን ፍኖተ ሰላም ላይ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ መሐንዲስ ይችን ገዝተው እየነዱ መጡ። እናቴ ዞር ዞር ብላ አይታ፣ «አንድ ኩንታል የማትጭን። አህያ ብትሆን ኖሮ በነጋታው ይሸጧት ነበር» አለቻቸው፤ አባባ ግን በነጋታው ማለዳ ሳሙናና ባልዲ ይዘው ሊያጥቧት ወጡ። ጅጋ ገበያ ሲወስዱን እኔና ወንድሜ ከኋላ ጉልበታችንን አገጫችን ሥር ወሽቀን እንቀመጣለን፤ ገበያተኛው ጠርዝ ይዞ ሲያሳልፈን አባባ ለእያንዳንዱ ባርኔጣቸውን ያነሣሉ፣ እናም ለሩጫ የተሠራችው መኪና በሰላምታ ብዛት የአህያ ያህል ትሄድ ነበር።

የቅቤው ነገር የመጣው በሠርግ ነው። አንድ ጊዜ ወደ ሽንዲ መንገድ ካለ መንደር ሙሽራ እንዲያመጡ ተለመኑ። የሙሽሪት እናት የልጃቸውን አናት ቅቤ ቀብተው መርቀው ሲያበቁ፣ ልጃቸውን የምትሸከመዋን ሳይቀቡ መሸኘት ነውር መሰላቸውና በተረፈው ቅቤ የመኪናዋን ግንባር ከዳር እስከ ዳር ለቀለቁት። በየማለዳው በሳሙና የሚያጥቧት አባባ ፊታቸው ጠቆረ፤ ግን ምርቃት በጨርቅ ይጠረጋል እንዴ? እንደተቀባች ነዷት፤ የመንገዱ አቧራ ተለጥፎባት ቀይዋ መኪና ዳማ ፈረስ መስላ ቡሬ ገባች። ያቺ ሙሽራ በዓመቷ መንታ በመውለዷ፣ ከዚያ ወዲያ መኪናዋን ቅቤ ሳይቀባ ልጁን የሚድር ጠፋ። አባባ መጀመሪያ ተናደዱ፣ ቀጥሎ ለመዱት፣ በኋላማ ቅቤው ሳሳ ያለበት ሠርግ ይከፋቸው ጀመር።

እሳቸው ካረፉ ወዲህ መኪናዋ ከመጋዘን አልወጣችም። አያ ደምሴ በቦታው ሱቅ ሊሠራ፣ እሷን ደግሞ ክረምት ሳይገባ ለቁራሌ ሊሰጥ አስቧል። «ብረት ናት፣ እቴ። ብረት አይከፋውም» አለኝ። ሱቁ ለልጆቹ ነው፤ ለመኪና ብዬ የልጆቹን እንጀራ አልዘጋም። ግን እሱን ሳላማክር፣ ባሕር ዳር አሮጌ መኪና እያፈላለገ የሚያድሰውን የቀድሞ ተማሪዬን ጌታሁንን ጠራሁት።

ጌታሁን መጥቶ ጎንበስ አለና፣ የደረቀውን ቅቤና አቧራ በጥፍሩ ፋቅ ሲያደርግ ከሥሩ ያ ቀይ ቀለም ብቅ አለ። «ቲቸር፣ የእሷ ዓይነት ሌሎቹ እኮ በዝገት አልቀዋል። ቅቤው ይሁን የቤቱ ድርቀት እንጃ፣ ይቺ ግን ቀለሟ የፋብሪካው ነው። ጥቂት ዓመት ይታገሱ፣ ሰው ከአዲስ አበባ ሊያያት ይመጣል» አለኝ። አያ ደምሴ ከት ብሎ ሳቀ።

በብርሃን ልናያት ፈለግንና ከጎረቤት ሰው ጠርተን ልንገፋት ሆነ። መሪ የሚይዝ ሲጠፋ አያ ደምሴ እያጉረመረመ ገባ። ጌታሁን ወንበሩ ያስቸገረው መስሎት፣ «ላስተካክልልዎት?» ሲለው፣ ወንድሜ እግሩን ወደ ፍሬኑ ዘረጋና፣ «አትንካው፤ ልኬ ነው» አለ። አባባ እንደተዉት ነው ያለው ወንበሩ። እነሆ በአባታችን ቁመትና በአባታችን ዕድሜ እዚያ ተቀምጦ አየሁትና አለቀስሁ። ግቢው መካከል ስትቆምም አልወረደም፤ ቆይቶ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ሱቁን ጠበብ አድርገን እንሥራው» አለኝ።

ጌታሁን ከመስቀል በኋላ መጥቶ ሊያድሳት ቃል ገብቷል፤ የአያ ደምሴ ልጆችም ከአሁኑ ማን ይነዳታል እያሉ ይጣላሉ። አባባ የሉም፣ እናቴ የለችም፣ ያን ሁሉ ሙሽራ የሸኘው አገርም አሁን በሚኒባስ ይድራል። ከዚያ ቤት የቀረነው ሁለት ነን እያልሁ እኖር ነበር። አሁን ከቀይዋ ጋር ሦስት ነን እላለሁ።