ስልኩ እንዳይቀድማችሁ

አባቴ በደወሉልኝ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር። «ሥራ ገባህ ወይ፣ ልጀ?» ይሉኛል። «ሥራ ላይ ነኝ እኮ፣ አባየ» እላቸዋለሁ። «የመንግሥት ነው የግል?» ይላሉ። «የራሴ ነው» ስላቸው፣ «ታዲያ ማን ነው የሚያዝህ?» ብለው ይስቃሉ። መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጎርጎራ አጠገብ ባለ ደብር ዜማ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ለእሳቸው ሥራ ማለት ሰው ተሰብስቦ የሚሠራው ነገር ነው። አንድ ጎልማሳ ቤቱን ዘግቶ ብቻውን ከዕቃ ጋር ተፋጦ መዋሉን ሥራ ነው ቢሏቸው አይገባቸውም። እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንድ ቀን ለእኔም አይገባኝም ነበር።

የምኖረው ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ውስጥ ነው። ተከራይ የሞላበት ግቢ ነው፤ የእኔ ክፍል ከኋላ በኩል ነች። ጠዋት ሁሉም ወደየሥራው ይወጣል። አንዷ ባንክ ትሠራለች፣ አንዱ ኮሌጅ ያስተምራል፣ ባልና ሚስቱ ደግሞ ፋብሪካ ናቸው። ግቢው ውስጥ እኔና የአከራያችን ዶሮዎች ብቻ እንቀራለን። ጎረቤቶቼን በሰላምታ ብቻ ነበር የማውቃቸው፤ እነሱም እኔን እንደዚያው። ከቤት የማይወጣ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተደብቋል ብሎ ሰው ቢያስብ አይፈረድበትም። አከራያችን አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ የሚፈልግህ ሰው አለ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ፖሊስ ማለታቸው ነው። «ማንም የሚፈልገኝ የለም» ብዬ መለስሁላቸው፤ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ እኔኑ ከፋኝ።

ኮምፒውተር መጀመሪያ ያየሁት ትምህርት ቤት ነው፤ ነጭ ጨርቅ ለብሶ። ጨርቁን የሚገልጠው መምህሩ ብቻ ነበር፤ እኛ ቆመን ከሩቅ እናያለን። የመሪጌታ ልጅ ስለሆንሁ መጋረጃም፣ ከመጋረጃ ጀርባ ያለ ነገርም ብርቅ አልሆነብኝም። ብርቅ የሆነብኝ መጋረጃው ሲገለጥ ነው። በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃውን ሲሸጥ ሆዱ የተነፋ ስክሪን ያለው የራሴን ገዛሁ። አሁን የምሠራበት ላፕቶፕ ባትሪው የሞተ ነው፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ፋሲሎ ውስጥ መብራት መሄዱን በቀን ብርሃን የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ።

የመጀመሪያዋ መተግበሪያዬ አጽዋማትንና በዓላትን የምታወጣ ነበረች። ስሌቱን አባቴን በስልክ እየጠየቅሁ ነው የሠራኋት። በውጭው ገበያ ልሸጣት ብል፣ ከዚህ አገር ሆኖ ሻጭ መሆን አልተቻለም። እዚሁ ልሽጥ ብዬ ለአንድ ሰው ሸጥሁ። እሱ ለጓደኛው አጋራት፤ ጓደኛው ለማኅበሩ በሙሉ ላካት። ብዙም ሳይቆይ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ በተቀመጠች ሴት ስልክ ላይ አየኋት። «ጥሩ ናት?» ብዬ ጠየቅኋት። «በጣም! በነጻ ናት ደግሞ፤ ልላክልህ?» አለችኝ። እሺ አልኋት። የገዛ ሥራዬን ከሰው እጅ በነጻ ተቀብዬ ወረድሁ። ያን ቀን ያናደደኝ ገንዘቡ አልነበረም። «እኔ ነኝ የሠራኋት» ብላት ኖሮ እስከ መውረጃዬ ድረስ እናወራ ነበር፤ አላልኋትም። ሰው ካላናገሩት ቀን ሲበዛ አፍም ይዝጋል።

ምግብ ብቻዬን እንደምበላ አባቴ ሲሰሙ፣ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይሉኝ ነበር። እየሳቁ ነው የሚሉት፤ ግን ደጋግመው ይሉታል። እናቴ ያረፈችው ገና ልጅ ሳለሁ ነው፤ ወንድምም እኅትም የለኝም። እኔ ለእሳቸው፣ እሳቸው ለእኔ አንድ ነበርን።

ታዲያ አንድ ቀን የአባቴ እድር ዳኛ ከጎርጎራ ደወሉልኝ። ከአባቴ ጋር አብሮ አደጎች ናቸው። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ እግራቸውን አሟቸው መንደሩን መዞር አቅቷቸዋል፤ ሰው ሲሞት አባላቱ ሳይሰሙ ቀብር እያለፈ ተቸግረዋል። «እስቲ ኮምፒውተርህ ጥሩምባ መንፋት ይችል እንደሆን ጠይቀህ ንገረኝ» አሉኝ። ይችላል አልኋቸው። በእኛ አካባቢ ኢንተርኔት ጠፍቶ የሚሰነብትበት ጊዜ ስለነበር፣ በተራ የጽሑፍ መልእክት የምትሠራ አድርጌ ሠራኋት። ዳኛው በስልካቸው ማን እንዳረፈና ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይሞላሉ፤ አንድ ጊዜ ሲነኩት ለአባላቱ ሁሉ ይደርሳል። እንደ እኔ ራቅ ብለው ለሚኖሩ ልጆቻቸው ደግሞ የየቤታቸው ሰው ሲያርፍ ብቻ ይደርሳቸዋል።

ላሳያቸው ጎርጎራ ሄድሁ። ሽማግሌዎቹ ስልካቸው በአንድ ጊዜ ሲጮህ እንደ ልጅ ሳቁ። አባቴ ግን አልሳቁም።

«ይህ ለሟች ልጅም ይደርሰዋል?» አሉ።

«ስሙ ከተመዘገበማ ይደርሰዋል።»

«ሰው ሳይነግረው?»

«ወዲያው ነው፣ አባየ።»

«ታዲያ ይች መርዶ ነጋሪ ሆነች እንጅ ጥሩምባ ነፊ መች ሆነች! መርዶ በማለዳ ነው የሚነገር። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰውየውን ቁጭ አድርገው፣ ደግፈው። ብቻውን ለቆመ ሰው ሞት ኪሱ ውስጥ ይጮህበት?»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞሩ። እኔ ተናደድሁ። ያለቀ ሥራ ነው፤ ደግሞም ዘመኑ እንዲህ ነው ብዬ ተከራከርሁ። እሳቸው ከቃላቸው ንቅንቅ አላሉም። ባሕር ዳር ተመልሼ፣ እያጉረመረምሁ፣ «መርዶ ያልደረሰው» የምትል ቦታ ጨመርሁባት። ዳኛው የሟችን የቅርብ ዘመዶች እዚያ ላይ ምልክት ያደርጉባቸዋል፤ ሽማግሌ ሄዶ እስኪነግራቸው ድረስ መልእክቱ እነሱን ይዘላቸዋል። ሥራው ከጠበቅሁት በላይ ወሰደብኝ። አባቴ በዚያ ሰሞን ሲደውሉ «ሥራ ገባህ ወይ?» ማለቱን ትተው፣ «ያችን ነገር አስገባሃት?» ሆነ ጥያቄያቸው። አስገብቻታለሁ ስላቸው፣ «ተባረክ» አሉኝ። ስለ ሥራዬ ተባረክ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነበር።

አንድ ነገር ግን ቀርታ ነበር። መተግበሪያዋን ስሠራ ለመሞከሪያ እንደ አንድ አባል ያስገባሁት የሁለተኛ ስልኬን ቁጥር ነበር፤ በስም ቦታው ላይ «ሙከራ» ብዬ ጽፌ። ያንን ቁጥር ማንም አያውቀውም፣ አባቴም ጭምር። ዳኛው ያዩታል፤ ነገር ግን «ባለሙያው ያስቀመጠውን እኛ ምን አግብቶን እንነካለን» ብለው አክብረው ተዉት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኮምፒውተርም ከሁለቱ አይሻልም። እኔም ላጥፋው እያልሁ አላጠፋሁትም። ምክንያቱም በዚያ ቁጥር ጎርጎራ ውስጥ ያረፈ ሰው ሁሉ ለእኔም ይደርሰኝ ጀመር። ልጅ ሆኜ ቆሎ ትሰጠኝ የነበረችው ሴት አረፈች፤ ፋሲሎ ላይ ከወንበሬ ተነሥቼ ነፍስ ይማር አልሁ። አብሮኝ ይዋኝ የነበረው ልጅ አባት አረፉ፤ ነፍስ ይማር አልሁ። እዚያ ማንም መስማቴን አያውቅም። እኔ ግን የሰው ቁጥር ውስጥ ያለሁ ይመስለኝ ነበር።

ጥቅምት ውስጥ፣ ጠዋት፣ መብራት ሄዶ በር ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ሳለ ያ ሁለተኛው ስልክ ጮኸ። «የእድራችን አባል» ይልና የአባቴ ስም ከነማዕርጉ ይከተላል። «አርፈዋል። ቀብር ስድስት ሰዓት። እንዳትቀሩ።»

«እንዳትቀሩ» የምትለዋን ቃል የጻፍኋት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ዳኛው ሲለማመዱ ተሳስተው ነው ብዬ አሰብሁ። አባቴ ጋ ደወልሁ። የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም አለችኝ ያች የማትደክም ሴት። ደግሜ ደወልሁ፤ ያንኑ አለችኝ። ያን ጊዜ በሩ ላይ ተቀመጥሁ። የአከራያችን ዶሮ መጥታ ጫማዬን ትነቁራለች። የምነግረው ሰው ፈልጌ ግቢውን ዞሬ አየሁ፤ ሁሉም በር ተቆልፏል።

የጎንደር መንገድ በዚያ ሰሞን በጸጥታው ምክንያት ዝግ ነበር። ወደብ ወርጄ ጠየቅሁ፤ ወደ ጎርጎራ ነገ እንጂ ዛሬ የሚሄድ ጀልባ የለም አሉኝ። ዳኛው ጋ ልደውል ስልኩን እያወጣሁ መልሼ ከተትሁት። ብደውል መስማቴን ያውቃሉ። እሳቸው ይህን ጊዜ ስሜ ላይ ምልክት አድርገው፣ ለእኔ የሚላኩትን ሽማግሌዎች እየመረጡ ነው። አባቴ ያዘዙትን በትክክል እየፈጸሙ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ሰው እንዲነግረኝ ፈለግሁ። አባቴ መሞታቸውን ከሰው አፍ መስማት ፈለግሁ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሐይቁ ዳር ቆሜ ነበር። ማዶው አይታይም፤ ውኃ ብቻ ነው። እዚያ ማዶ አሁን ያወርዷቸዋል እያልሁ አስባለሁ። ከኋላዬ ዓሣ የሚበሉ ወጣቶች ይሳሳቃሉ። አንዱ መጥቶ፣ «ብሮ፣ አንዴ ፎቶ አንሣን» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። አነሣኋቸው። «ኧረ አንድ ድገመን» አሉኝ፤ ደገምሁላቸው።

ከዚያ ወዴትም አልሄድሁም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሰሜን በኩል አንድ የሞተር ጀልባ መጣች። ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ተደጋግፈው ወረዱ። ፊት የነበሩት ዳኛው ናቸው፤ ጫማቸው ላይ አፈር አለ። ሮጬ ላቅፋቸው ፈለግሁ። ነገር ግን ዳር ላይ ካለ ዋርካ ኋላ ተደበቅሁ። አባቴን ቀብረው፣ ሐይቁን ሙሉ ተሻግረው ለእኔ ብለው መጥተው፣ «ሰምቻለሁ» ልበላቸው? በዚያ ላይ መርዶ በምሽት አይነገርም፤ ዘመድ ቤት አድረው በማለዳ እንደሚመጡ አውቃለሁ። በባጃጅ ሲሄዱ ከዛፉ ኋላ ሆኜ አየኋቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። የሚያጽናኑኝ ሰዎች ፊቴ እያለፉ እኔ እደበቃለሁ።

ወገግ ሲል የግቢው በር ተንኳኳ። አከራያችን ከፈቱ። ሹክሹክታ ሰማሁ። «የኋላው ልጅ? እሱ ምስኪን? ወይኔ!» አሉ አከራያችን። ከዚያ የእያንዳንዱን ተከራይ በር በጣታቸው ሲቆረቁሩ፣ በሮቹ ሲከፈቱ፣ ነጠላ ጫማ ሲንሸራተት ይሰማኛል። እኔ ልብሴን ለብሼ፣ ጫማዬን አጥልቄ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሰው ምኑን መርዶ ይነገረዋል ብዬ ደነገጥሁ። ጫማዬን አውልቄ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቴ ስቤ ተኛሁ። በሩ ሲንኳኳ፣ «ማነው?» አልሁ፤ ድምፄ በእውነት ከእንቅልፍ የተነሣ ሰው ድምፅ መሰለ።

ክፍሏ ሞላች። ሽማግሌዎቹ ወንበርም አልጋም ላይ ተቀመጡ። ባንክ የምትሠራዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በር ሥር ቆማለች። የኮሌጁ መምህር ላፕቶፔን ሰው እንዳይቀመጥበት አንሥቶ ታቅፎታል። አከራያችን አጠገቤ ተቀምጠው ትከሻዬን ይዘዋል። ያች ክፍል ሰው ስትይዝ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ደኅና ነህ፣ ልጀ? ሥራ እንዴት ነው?» አሉ ዳኛው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁ።

«አባትህን ሰሞኑን ትንሽ አሟቸው ነበር።» ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ሰው ነንና፣ ልጀ... እግዚአብሔር የወደደውን አደረገ። በክብር ሸኘናቸው። በርታ።»

ሴቶቹ አለቀሱ። እኔ ማልቀስ አቃተኝ። እንባዬ ትናንት ሐይቁ ዳር አልቆ፣ ፊቴ ደርቆ ሁሉም ያየኛል። አወቁብኝ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ዳኛው ደነገጠ ብለው ነው መሰለኝ፣ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ያችን ነገር መተግበሪያህ ውስጥ ካላስገባህ ብለው አባትህ የነዘነዙህ ለማን መሰለህ? እዚያ ያለነው እኛማ እርስ በርስ እንደጋገፋለን። በኋላ ለብቻየ ጠርተው፣ ‹ልጀ ከተማ ላይ ብቻውን ነው። ያን ቀን ጎረቤቶቹን ሰብስባችሁ፣ ሰው ይዛችሁ ግቡለት። አደራ፣ ስልኩ እንዳይቀድማችሁ› ብለውኝ ነበር። ይኸው አደራቸውን ተወጣን።»

ያን ጊዜ አለቀስሁ። እየጮህሁ፣ ገና እንደሰማ ሰው። አከራያችን ራሴን ደረታቸው ላይ አስጠግተው፣ «አልቅስ፣ ልጄ፣ አልቅስ» ይሉኛል። ያ ስልክ ትራሴ ሥር ነበር።

ጸጥ ስል ዳኛው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው፣ ፈራ ተባ እያሉ ጠየቁኝ።

«አልቀደመንም አይደል፣ ልጀ?»

«አልቀደማችሁም» አልኋቸው።