ከብስክሌት ወርደው የሚያልፉበት ቦታ

ሉማሜ ውስጥ ብስክሌት የምጠግነው እኔ ነኝ፤ እንዳላማው እባላለሁ። ስለ ራሴ ይኸው ይበቃል። የማወራው ስለ መምህር ገዳሙ ነው።

መምህር ገዳሙ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗል፤ ልጅ የላቸውም። እኔ ጋ የሚመጡት ጎማ ሲተነፍስባቸው ብቻ አልነበረም። ጥቁሯ የቻይና ብስክሌታቸው ደህና ሆናም “እስቲ እያት” ብለው ሳጥኔ ላይ ይቀመጣሉ። ቤት ገብቶ የሚያናግሩት ሰው ማጣት ምን እንደሆነ ስለማውቅ፣ ምንም ያልሆነውን ፍሬን ፈትቼ መልሼ አስርላቸው ነበር።

አውራ ጎዳናው ሲታደስ “የብስክሌት መንገድ” ተሠራልን። ተሠራ ከተባለ ማለቴ ነው። አስፋልቱ ዳር ነጭ መስመር አሰመሩ፣ በየቦታው የብስክሌት ሥዕል ሣሉ፣ አበቃ። ከመስመሩ ወዲያ የጭነት መኪና ይበራል፤ ከመስመሩ ወዲህ ሰው በብስክሌት ይሂድ ተባለ። መሃላቸው አንድ ስንዝር ጠርዝ እንኳ የለም። የቦዩ ክዳን ብረቶች በጎማው አቅጣጫ ስለተደረደሩ ጎማ ይውጣሉ፤ በእነሱ ሰበብ የተጣመመ ስንት ቸርኬ አቃንቻለሁ! ድልድዩ ጋ ሲደርስ ደግሞ መንገዱ ግንቡ ላይ ተላትሞ ያልቃል። ይህን የነደፈው ሰው ብስክሌት ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ እምላለሁ።

ከድልድዩ ወዲህ አለበልና ሚስቱ ማሬ ይኖሩ ነበር። ገበሬዎች ናቸው፤ ቤታቸው ከአስፋልቱ ሃያ እርምጃ አይርቅም። መምህር ጠዋት ጠዋት ሲያልፉ አለበል ከደጁ ሆኖ “እንዴት አደሩ መምህር!” ይላቸዋል፤ ማሬ በጣሳ ውሃ ታቀርብላቸዋለች። ውሃ ጠምቷቸው አይመስለኝም። “ቀኑን ሙሉ ከተማሪ በቀር ደህና አደርህ የሚለኝ እነዚያ ብቻ ናቸው” ብለውኛል አንድ ጊዜ።

በ2005 ታኅሣሥ ላይ ያልታሰበ ዝናብ መጣና ስንዴው አውድማ ላይ እንዳለ ራሰ። እርጥብ እህል ቶሎ ካልተሰጣ ይሻግታል፤ ግቢው ግን ሁሉም ጭቃ ነበር። አስፋልት ፀሐይ ሲያገኝ ወዲያው ይሞቃል። ስለዚህ አለበል የመንገድ ዳር ገበሬ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ፤ ስንዴውን የብስክሌት መንገዱ ላይ አሰጣ፣ መኪና እንዳይረግጥበትም ነጩ መስመር ላይ ትልልቅ ድንጋይ ደረደረ። ያ መንገድ አጥር ያገኘው በዕድሜው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

መምህር ግን መሄጃ አጡ። ድንጋዩን ሲዞሩ መኪናው መሃል መግባት ግድ ሆነባቸው።

“አለበል፣ አንሣልኝ እንጂ” ቢሉት፣

“ትንሽ ይታገሡኝ መምህር፣ ሐሙስን አያልፍም” አላቸው።

ማክሰኞ ዕለት አንድ አውቶቡስ ከኋላቸው ጡሩምባውን አምባርቆ ክርናቸውን ታክኮ አለፈ። ወደቁ። መዳፋቸው ተላጠ፣ ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ ተቀደደ፤ እንደዚያ ሆነው ተማሪ ፊት ቆሙ። በዚያው በንዴታቸው ወረቀት አወጡ። በአለበል ደጅ ፊት ለፊት የብስክሌት መንገዱ ላይ የተቀመጠው መሰናክል እንዲነሣ ጽፈው፣ ፈርመው፣ ለሚመለከተው ቢሮ ሰጡ። ሁለት ቀን መታገሥ አቃታቸው።

ቢሮ ለአንድ ደብዳቤ ዓመት ይፈጃል። ይህን ግን በማግስቱ ፈጸመው፤ ሲረግመን! ረቡዕ ከሰዓት ሰዎች መጡ፣ ድንጋዩን መኪና ላይ ጫኑ፣ ስንዴውን “አንተው ሰብስብ” ብለው ሄዱ። አለበል በሸራ ሸፍኖ አሳደረው።

ሐሙስ ጠዋት መምህር ወደ ድልድዩ ሲቃረቡ ሰው ተሰብስቦ አዩ። አንድ የጭነት መኪና ሌላውን ሲቀድም ነጩን መስመር አልፎ፣ ስንዴውን ይጠርግ የነበረውን አለበልን ገጭቶታል። የሚያስቆመው ድንጋይ አልነበረም፤ ጠርዝም አልነበረም። ሬሳው በጋቢ ተሸፍኗል፤ ስንዴው እስከ ድልድዩ ድረስ ተበትኗል፤ መጥረጊያው ቦዩ ውስጥ ወድቋል።

ከዚያ ወዲህ መምህር እዚያ ቦታ ሲደርሱ ከብስክሌት ይወርዱ ጀመር። ማሬ ጥቁር ለብሳ ከደጇ ብቅ ስትል መሬት መሬት እያዩ፣ ብስክሌታቸውን እየገፉ ያልፋሉ። ውሃም መጠጣት ተዉ። እኔ ጋ ሲመጡም “እስቲ እያት” ማለት ትተው፣ ትንሽ ተቀምጠው ይሄዳሉ። ሐዘን ነው ብዬ ተውኳቸው።

ሙት ዓመቱ ሳምንት ሲቀረው ስለ ደብዳቤው ነገሩኝ። እስከዚያ አላውቅም ነበር።

“ልንገራት ወይ እንዳላማው?”

“ይተዉት መምህር፣ የደረቀ ቁስል አይንኩ” አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት ለእሷ አልነበረም። ያቺን አንዲት ደጅ ጨርሰው እንዳያጧት ነበር።

አልሰሙኝም፤ በማግስቱ ሄዱ። የሆነውን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው።

“ማሬ፣ ድንጋዩን ያስነሣሁት እኔ ነኝ።”

“አውቃለሁ መምህር” አለች። “ሰዎቹ ወረቀቱን አንብበውልን ነው የጫኑት። ስምዎንም ጠርተዋል።”

“አለበልስ ሰምቷል?”

“አጠገቤ ቆሞ እንጂ! ‘እውነታቸውን ነው፣ እጃቸውን አስላጥኳቸው’ አለ። ጠዋትም፣ ኧረ ፀሐይ ይውጣ ስለው፣ ‘መምህር ሳይደርሱ መንገዳቸውን ልጥረግላቸው’ ብሎ ነው የወጣ።”

ከዚያ እንደ ድሮው ገብታ በጣሳ ውሃ አመጣችላቸው። ተቀብለው ያዙት እንጂ መጠጣት አልቻሉም።

ያን ዕለት ማታ ብስክሌቷን እኔ ጋ አምጥተው፣ “አስቀምጥልኝ” አሉኝ። አሁን ጎህ ሲቀድ ተነሥተው፣ በእርሻው መሃል በሚያልፈው የእግር መንገድ ብቻቸውን እየሄዱ ያስተምራሉ። እኔ ጋም አይመጡም። ብስክሌቷ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅላለች፤ ጎማዋን በየወሩ እነፋለሁ።

ማሬ ስንዴዋን አስፋልት ላይ ማስጣት ትታለች። ጠዋት ግን መምህር ያልፉበት በነበረው ሰዓት መጥረጊያ ይዛ ወጥታ፣ ከደጇ ፊት ያለውን የብስክሌት መንገድ እስከ ድልድዩ ድረስ ትጠርጋለች። ከእንግዲህ በዚያ እንደማይመጡ ልነግራት ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ሦስቱንም ጊዜ መጥረጊያውን አየሁና ውሃ ጠጥቼ ተመለስኩ።