ወደ ኋላ የማትሄደው ፒካፕ

ባለፈው ሳምንት ለድንች ንግዴ የምትሆነኝ አሮጌ ፒካፕ ልገዛ ዳንግላ ወርጄ ነበር። ደላላው ኮፈኑን ብድግ ሲያደርገው ያ የተቃጠለ ዘይትና የአቧራ ሽታ አፍንጫዬን ቢመታኝ ሳላስበው ከት ብዬ ሳቅሁ። ሰውዬው ደነገጠ። «እትዬ፣ ምን አዩባት?» አለኝ፤ ጉድ ያገኘሁባት መስሎት ዋጋ ሊቀንስልኝ ምንም አልቀረው። እኔ ግን ገና ምንም አላየሁም። «በመጀመሪያ ወደ ኋላ ንዳትና አሳየኝ» አልሁት። ሞተር ሳያይ፣ ጎማ ሳይነካ፣ ሊብሬ ሳይጠይቅ ከኋላ ማርሽ የሚጀምር ገዢ ገጥሞት ስለማያውቅ እሱም በተራው ሳቀብኝ። ይሳቅ! እሱ የአባዬን ፒካፕ አላያት። ወደ ኋላ ሄዳ ካየሁ በኋላ ነው ሌላውን መመርመር የጀመርሁት።

ያደግሁት ከዘንገና ሐይቅ ወዲህ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች መንደር ነው። አባዬ፣ ሰው አያ ዘለቀ ይለዋል፣ ድንች ገበሬ ነበር፤ ስሙ የሚነሣው ግን በድንቹ ሳይሆን በፈረስ ነው። በዚያ አካባቢ ፈረስ የሚገዛ ሰው አባዬን ሳያስከትል እንጅባራ ገበያ አይወጣም። አባዬ የፈረሱን ከንፈር ገልጦ ጥርሱን ያያል፣ ሰኮናውን አንሥቶ ያንኳኳል፣ ኮርቻውን አስወርዶ ከፀጉሩ ሥር የተሸሸገ ገጣባ እንዳለ ይፈልጋል፣ አስሮጦ ከኋላ ያየዋል፤ ከዚያ ወይ «ይሁን» ይላል፣ ወይ ምንም ሳይናገር ወደሚቀጥለው ፈረስ ያልፋል። ዝም ብሎ ሲያልፍ ባለፈረሱ ያፍራል። ለዚህ ሁሉ ድካሙ ከአንድ ሁለት መለኪያ አረቄ በቀር የሚከፈለው አልነበረም፤ «አያ ዘለቀ አይቶታል» መባሉ ግን ለእሱ ከሀብትም በላይ ነው። እኔም ሲባል ስሰማ ፈረሱን ያየሁት እኔ ይመስል ደረቴን እነፋ ነበር።

ፒካፕ ይገዛ ብላ ነገር ያመጣችው እማዬ ናት። ድንቹ በጋሪ እየሄደ፣ ጋሪውን ጭቃ እየያዘው፣ ገበያው ከተበተነ በኋላ መድረስ አንገፈገፋት። አባዬ እሺ አለ። ፒካፗን ሊነዳልን የተስማማው የእማዬ ወንድም፣ መንዳት ወታደር ቤት የተማረው አጎቴ አዳነ ነበር፤ እማዬ ሲገዛ አብሮህ ይሂድ ብትለው ግን አባዬ ተቆጣ። «ምን ያደርግልኛል? እኔ ዐይን የለኝም?» አለና እማዬንና እኔን ብቻ ይዞ ዳንግላ ወረደ። እንኳን መኪና፣ ብስክሌት ነድቶ የማያውቅ ሰው!

ወይ አባዬ መኪና ሲመረምር! ኮፈኑን አስከፍቶ መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈ። ሞቋል። ሰነፍ ፈረስ ሞቅ ደመቅ እንዲል ማለዳ በጓሮ ተጋልቦ ነው ገበያ የሚወጣው፤ አባዬ ይቺን ያውቃታል። «አሙቀሃታል፤ እስክትበርድ እንጠብቃለን» ብሎ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ባለመኪናው ቢለማመጠው፣ ሻይ ቢያመጣለት፣ ሻዩን ጠጥቶ ቁጭ። በርዳ ስትነሣ ትንሽ ሳለች እንጂ ጭሷ ቶሎ ጠፋ። የቆመችበትን መሬት ጎንበስ ብሎ አየ፣ ዘይት አንጠባጥባ እንደሆነ። ያነከሰ ፈረስ ሰኮናው በአንድ ጎን ይበላል ብሎ ጎማዎቿን ተራ በተራ በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ባለመኪናው «ብዙም አልሄደች» እያለ ቆጣሪውን ሲያሳየው፣ አባዬ ቁጥሩን ትቶ የፍሬንና የፍሪሲዮን መርገጫውን አየ፤ ላስቲኩ አልቆ ብረቱ ወጥቷል፣ ልጓም እንደበላው የፈረስ አፍ። «ብዙ ሄዳለች» አለው በጨዋ ደንብ። አዲስ ቀለም ያየበትን ሁሉ በጥፍሩ ፋቀና ዝገቱን አወጣው፤ ገጣባ በጥላሸት የሚሸፍን ነጋዴ ስንቱን አይቷል! ከዚያ ከኋላዋ ቆሞ በሜዳው አስነዳት፣ ዳገት አስወጣት፣ ቁልቁለት አስወረዳት። በየጉድለቱ ዋጋውን ሸርሽሮ ሸርሽሮ በመጨረሻ «ይሁን» ሲል፣ እማዬ ፊቷን አዙራ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። በኩራት እየሳቀች ነበር።

ባለመኪናው ራሱ ነድቶ ቤታችን አደረሰን። መንገዱ የሚያልቀው እኛ በር ላይ ነው፤ ከቀርከሃ አጥራችን ቀጥሎ ያለው የጎረቤታችን የአያ ፈንታ ማሳ ገብሱ ታጭዶ ባዶ ስለነበር፣ ሰውዬው በማሳው ጥግ ወጥቶ ዞረና አፍንጫዋን ወደ መንገዱ አድርጎ አቆማት። ቁልፉን ሰጠን፤ ምሳ ብሉ ብንለው እንኳ እምቢ ብሎ ቸኩሎ ሄደ። በማግስቱ አጎቴ አዳነ መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አያት፣ አደነቀ፣ ገብቶ አስነሣትና ሊሞክራት የኋላ ማርሽ አስገባ። ጮኸች። ንቅንቅ አላለችም። ደግሞ አስገባ፤ ደግሞ ጮኸች። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አያ ዘለቀ፣ ወደ ኋላ ሲነዳት አይተሃል?» አለ። እስቲ በሞቴ፣ ፈረስ ሲገዛ ወደ ኋላ አስኪዶ የሚያይ ማን አለ? አባዬ ሲናደድ በአገውኛ ነው የሚናገረው፤ ያን ቀን ግን በአገውኛም በአማርኛም አልተናገረም፣ አጥሩን ተደግፎ እጆቹን ብቻ ያያል።

«ይች ነገር ከዚህ አጥር አትወጣም!» አለች እማዬ። አጎቴን በእናታቸው አስማለችው፤ እኛን ልጆቹን ደግሞ በቁንጥጫ። ለገንዘቡ አልነበረም ያዘነችው። «አያ ዘለቀ ተሞኘ» ከተባለ ከእንግዲህ ማን ለፈረስ ይጠራዋል? ፈረስ ገበያ የማይጠራ አባዬ ደግሞ ምን ዓይነት አባዬ ነው? ይሄ እኔን ሳይቀር ገብቶኛል፤ ጓደኞቼ ስለ መኪናዋ በጠየቁኝ ቁጥር ወሬ እቀይር ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበረው ኑሯችን ነው እንግዲህ ጉድ። ቤት ስንመለስ ያው በአያ ፈንታ ማሳ ጥግ ዞረን ነው አፍንጫዋን ወደ መንገዱ አድርገን የምናቆማት። አጎቴ አዳነ አዲስ ቅዳም ገበያ ሲገባ አስቀድሞ መውጫውን ነው የሚያየው፤ ጠጋ ብለህ አቁም ሲሉት «ሞተሯ ንፋስ ትፈልጋለች» ብሎ ከሰው ርቆ ያቆማል። አንድ ጊዜ ግምጃ ቤት ከተማ ላይ ተሳስቶ መውጫ የሌለው ሰፈር ይዞን ገባ። ላብ አጠመቀው። ይሄኔ እማዬ ዘላ ወረደችና «የቃል ኪዳን ቀለበቴ! ከጎማው ሥር ገባ!» ብላ ጮኸች፤ የሰፈሩ ሰው ተሯሩጦ ቀለበት ሊፈልግላት መኪናዋን ከነድንቿ እስከ መታጠፊያው ድረስ ወደ ኋላ ገፋልን። ቀለበቷን እንደጮኸች ጉንጯ ውስጥ ከትታው ስለነበር አመሰግናለሁ እንኳ ማለት አልቻለችም፤ እጅ ብቻ ነሣች። አባዬም ስለ መኪናዋ ሲጠየቅ «እኔ ወደ ኋላ የሚል ነገር አልወድም» ማለት ጀመረ፤ ሽማግሌዎቹ ትልቅ ነገር እንደተናገረ ሁሉ ራሳቸውን ይነቀንቁለታል። ፈረስ ገበያ መጠራቱ አልቀረም። ሲጠራ ግን ፊቱ እንደ ድሮው አይበራም፤ ያወቁ ዕለት ይብላኝ ለራሴ እያለ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ባለፈረሱን «እስቲ ወደ ኋላ አስኪደው» ሲለው ሰምቼ፣ ሳቄን ለመዋጥ ስል ትን ብሎኝ ልሞት ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሁለት ክረምት አለፈ። ድንቹ ደህና የተሸጠ ዓመት አባዬና አጎቴ ማንም ወደማያውቀን ባሕር ዳር ወስደው የማርሽ ካምቢዮዋን አሠሯት። ሲመለሱ በማሳው ጥግ መዞር ቀረና መኪናዋ እንደመጣች በአፍንጫዋ በራችን ላይ ቆመች። አባዬ አልወርድም አለ። «አዳነ፣ ወደ ኋላ!» ሄደች። «ደግሞ!» ደግሞ ሄደች። እኛ ልጆች ከኋላ ተጭነን እየጮኽን፣ ውሻችን ግራ ገብቶት እየተከተለን፣ ያን ሁሉ መንገድ እስከ ዋናው አስፋልት ድረስ ወደ ኋላ ሄድን። እማዬ እልል ልትል ነበር፤ ምን ተገኘ ያሉኝ እንደሆነስ ብላ ተወችው። አባዬ እንደዚያ ሲስቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ አያ ፈንታ በሬዎቹን ጠምዶ መጣ፤ ያችን ስንዞርባት የኖርነውን የማሳውን ጥግ ሊያርስ። አባዬ አየውና ባለበት ቀረ። ያ ማሳ ሁለት ክረምት ድንች ሲተከልበት፣ ገብስ ሲዘራበት፣ ያች ጥግ ብቻ ባዶዋን ነበረች፤ እኛ ደግሞ በየዓመቱ እንዴት ሳይዘራባት ቀረ ብለን አንጠይቅም፣ እሰይ ብለን እንዞርባታለን። አያ ፈንታ መሬት የተረፈው ሰው አልነበረም፣ ስድስት ልጅ ነው የሚያበላው። ለነገሩማ ወደ ኋላ የማትሄድ መኪና በምን ትደበቃለች? መንደሩ በሙሉ ያውቅ ኖሯል። ጋሪውን ከመንገዳችን ዳር የሚያነሣልን፣ ከብቱን ከመዞሪያችን የሚያርቅልን፣ ያ ሁሉ ሰው እያወቀ ነው አባዬን «ና ፈረስ እይልን» እያለ ይዞት የሚወጣው።

አባዬ ማሳው ዳር ቆሞ «አያ ፈንታ፣ ታውቅ ኖሯል?» አለው።

«ምኑን?» አለ አያ ፈንታ፣ በሬዎቹን እየነዳ።

አባዬ ሁለተኛ አልጠየቀም። ጫማውን አወለቀና ማሳው ገብቶ ከኋላው እየተከተለ ጓል ሲከሰክስ አመሸ፤ የሚያወሩት ስለ ዝናብ ነበር።

ዛሬ የምኖረው እንጅባራ ከተማ ውስጥ ነው። ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው፤ በደስታም በኀዘንም አይለዩኝም፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን ልጄ ፈተና የወደቀ ጊዜ እኔ ሳልሰማ ሰፈሩ በስልክ ሰምቶ ጨርሷል። ሊያጽናናኝ ያልመጣ የለም፤ እንዳላወቀ ሆኖ ሰላም ብሎኝ ያለፈ ግን አንድም ሰው አላገኘሁም፣ እኔም ያን ቀን አያ ፈንታን ብቻ ነው የናፈቅሁት። እሱም አባዬም አሁን የሉም። እስኪሞቱ ድረስ ጎን ለጎን ሲኖሩ ስለዚያች ፒካፕ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። እንደ እነሱ ያለ ሰው ከእንግዲህ ከየት ይመጣል? እኔስ ብሆን፣ አያ ፈንታ መሬቱን ጦም አሳድሮ የሸፈነልንን ነገር ይኸው ለእናንተ ለሁላችሁ ዘከዘክሁት።