የሙጫው ካርድ

የእግር ኳስ ተጫዋቾች ካርድ የሚሰበስብ ሁሉ ያውቃታል፤ በስሟ የሚጠራት ግን የለም። ማጉያ መነጽሯን ከአንገቷ ስለማታወርድ «ማጉያ» ብለዋት ቀረች። ከደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ሱቋ ተቀምጣ፣ ካርዱ እውነተኛ ነው ወይስ ቅጂ፣ ስንትስ ያወጣል፣ ትለያለች። ነገር መጎርጎር ነፍሷ ነው!

አንድ ነገር ብቻ አልለይ ብሏታል፤ የገዛ አባቷ ወሬ። በጉብዝናቸው ተጠባባቂ በረኛ የነበሩት አባቷ «እኔም ካርድ ላይ ወጥቻለሁ» ማለት አይሰለቻቸውም። «የታለ?» ሲባሉ፣ «ፎቶ አንሺው የመጣ ቀን ዋናው በረኛ ታሞ፣ የሱን ማሊያ ለብሼ ተነሳሁ። በሱ ስም ታተመ» ይላሉ። አቤት ሳቅ! ሚስታቸው ሳይቀሩ «የኔ ኮከብ» እያሉ ያሾፉባቸዋል። ማጉያም አብራ ትስቃለች፤ ግን ሽማግሌው ውሸታም ተብለው እንዳይቀሩ ያንን ካርድ ያልፈለገችበት ቦታ የለም። አሳታሚው ቶሎ ስለተዘጋ ካርዱ ከገበያ ጠፍቷል።

አንድ ቀን ከሰዓት አንዲት ልብስ ሰፊ ገባች፤ መርፌዋ ደረቷ ላይ እንደተሰካ ነው። ከቦርሳዋ በጨርቅ የተጠቀለለ ካርድ አወጣች።

«ጎረቤቴ ቅጂ ነው አለኝ፤ እስቲ እይልኝ።»

ማጉያ ስሙን ስታነብ ልቧ ድው አለ። «ሙጫው» ይላል። ኳስ እጁ ላይ ስለሚጣበቅ የወጣለት ስም ነው፤ አባቷ የሚያነሱት ያ ዋናው በረኛ!

ቸኮለች፤ ግን ሥራ ሥራ ነው። ወረቀቱን ዳበሰች፣ ጠርዙን በመብራት አየች፣ የቀለሙን ነጠብጣብ መረመረች። ቅጂ አይደለም። አንድ ነገር ግን ገረማት። ልጆች የተጫወቱበት ካርድ የሚያልቀው ማዕዘኑ ነው፤ የዚህ ማዕዘን ደህና ሆኖ የሰውዬው ጉንጭ ላይ ቀለሙ ተፍቋል። ምን ነክቶት ይሆን? ከጉንጩ ወደ ላይ ስትሄድ ጆሮው ጋ ደረሰች። የግራ ጆሮው ጫፍ ጎደሎ ነው።

ቀና አለች። ያው ጆሮ፣ የአባቷ ጆሮ፣ ሱቋ ጥግ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል።

ያ ሁሉ ሲያሾፍባቸው የኖረ ዛሬ አፉን ይይዛል ብላ «አባባ!» ልትል ስትል፣ ልብስ ሰፊዋ ቀደመቻት።

«ጉንጩን የፋቅኩት እኔ ነኝ። አባቴ ነው። እኔ ሳልወለድ ሞተ፤ ከዚህ ሌላ ፎቶ የለውም። ጠዋት ጠዋት እሱን ዳብሼ ነው ሥራ የምጀምረው።»

ሽማግሌው ጋዜጣቸውን አስቀምጠው መጡና ካርዱን ከማጉያ እጅ ተቀበሉ። አዩት፣ አዩት፤ ፊታቸው እንደ ልጅ ፈካ። ከዚያ ልብስ ሰፊዋን ቀና ብለው ሲያዩ ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ። ካርዱን በፊቱ ደፍተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«አባትሽን አውቀዋለሁ፣ ልጄ። አንድ ቡድን ነበርን።»

«በእውነት? እመስለዋለሁ?»

«ቁርጥ እሱን!» አሉ እሷን እሷን እያዩ። «ግንባርሽ፣ ዓይንሽ፣ ስትደነግጪ ቅንድብሽን የምትሰቅይው ሳይቀር።»

ልብስ ሰፊዋ እየሳቀች እንባዋ መጣ። ማጉያ ካርዱን አንስታ መለሰችላት።

«ካርድሽ እውነተኛ ነው። ጉንጩ ባይፋቅ ብዙ ያወጣ ነበር።»

«ኧረ አልሸጠውም!» አለች ልብስ ሰፊዋ በጨርቋ እየጠቀለለችው። ወደ ሽማግሌው ዞረች። «እርስዎስ? የርስዎም ካርድ አለ?»

ማጉያ ቀና ብላ አባቷን አየች።

«የኔ?» አሉ አባቷ ጋዜጣቸውን እያነሱ። «እኔማ ተጠባባቂ ነበርኩ። ካርድ ላይ ወጥቼ አላውቅም።»