አንድ ብቻ የተገኘ ቀሚስ

በ1997 ዓ.ም.፣ የኅዳር ብርድ ሲገባ፣ እማዬና አባዬ ዕቃ ሊገዙ ቻይና፣ ጓንዡ ወደምትባል ከተማ ሄዱ። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ገርጂ ነበር፤ የልብስ ሱቃችን ደግሞ መገናኛ። እስከዚያ ድረስ ሁለቱም ከአገር ወጥተው አያውቁም፤ የሚሸጡትን ከመርካቶ ነበር የሚያመጡት። እኔን ለአክስቴ ለአስቴር ትተው፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ሰንቀው፣ የጸሎት ቡድናቸው እጁን ጭኖባቸው ሄዱ።

ሲመለሱ ሳሎኑ በሻንጣ ተሞላ። ሻንጣዎቹ ሲከፈቱ የወጣው ሽታ እስከ ዛሬ አይረሳኝም፤ የአዲስ ላስቲክ፣ የአዲስ ጫማ፣ የማላውቀው ቅመም። ጎረቤቶች እንኳን ደህና መጣችሁ ሊሉ ተሰብስበው አባዬ የጉዞውን ነገር አወራ። በዚያ ከተማ የሚገባቸው አንድ ቃል እንኳ አልነበረም። ዋጋ የሚከራከሩት ካልኩሌተር እየተቀባበሉ ነው፤ ሻጯ ትጽፋለች፣ እማዬ አጥፍታ የራሷን ትጽፋለች፣ ሻጯ ራሷን ትይዛለች። በሁለተኛው ቀን ሆቴላቸው ጠፋባቸው። አድራሻው ያለበት ካርድ አባዬ ቀይሮት በወጣው ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ቀርቷል። እማዬ መንገድ ዳር ቆማ ጸለየች። ከዚያ ቦርሳዋን ስትበረብር ከመታጠቢያ ቤቱ ያነሳችው ትንሽ ሳሙና ወጣ፤ የሆቴሉ ስም ታትሞበታል። ባለታክሲው ሳሙናውን አንብቦ በር ላይ አደረሳቸው።

«ጌታ በሳሙና አዳነን» አለ አባዬ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እማዬ ግን አልሳቀችም፤ ሳሙናውን ሳታስፈቅድ መውሰዷ አሳፍሯት ነበር።

እንደዚህ ያለች ሴት ነበረች። አንድ ጊዜ የቤት ሥራዬን ሳልሠራ ሠርቻለሁ ስላት አልመታችኝም፤ «ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል» ብላ ብቻ አብራኝ ተንበረከከች።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ወደ መኝታ ቤት ጠራችኝና ቀሚስ አወጣች። ሰማያዊ ነበር፤ ደረቱ ላይ ነጭ ዶቃ ተሰፍቶበታል፣ ወገቡ ከኋላ በሰፊ ሪባን ይታሰራል። «ከተማውን ዞሬ ዞሬ አንድ ብቻ ነው ያገኘሁት። ያንቺ ነው» አለችኝ። አባዬ በር ላይ ቆሞ ነበር። ቀና ብሎ አያትና ወጣ። ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም።

ለገና ፕሮግራም በቤተ ክርስቲያን ከሕፃናት መዘምራን ፊት ቆሜ ጥቅስ በቃሌ እንድል ተመርጬ ነበር። ቀሚሱን ለዚያ ቀን አስቀመጥኩት፤ ወሬውን ግን ማስቀመጥ አልቻልኩም። ገመድ ስንዘል ለልጆቹ ሁሉ ነገርኳቸው። ጎረቤታችን ሊዲያ አላመነችም። ቻይና አንድ ነገር ሠርቶ እንደማይተው አጎቷ ነግሯታል።

«እናቴ አትዋሽም» አልኳት።

ከዚህ በላይ ማረጋገጫ አልነበረኝም፤ የሚያስፈልገኝም አልመሰለኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከእማዬ ጋር ሱቅ እሄድ ነበር። ካርቶን እከፍታለሁ፣ መስቀያ አቀብላለሁ፣ ምሳ አብረን እንበላለን። በዚያ ወር ግን የበዓል ግርግር ነው፣ ፈተናሽን አጥኚ እያለች አስቀረችኝ። ለእኔ ማሰቧ ነው ብዬ አመሰገንኳት፤ አጠናሁም።

የገና ጠዋት ቀሚሴን ለብሼ ወደ መዘምራኑ ክፍል ስገባ ሊዲያ ቀድማኝ ደርሳለች። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፤ ደረቱ ላይ ነጭ ዶቃ አለው። ሁለት ሌሎች ልጆችም እንደዚያው ለብሰው ተከታትለው ገቡ። ሊዲያ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«አንድ ብቻ ማለት ስንት ነው?» አለችኝ።

ልጆቹ ሳቁ። እናቷ ከእኛ ሱቅ እንደገዛችላት፣ በሩ ላይ በሰልፍ እንደተሰቀለ ነገረችኝ። መዝሙር የምታስጠናን እህት ሣራ መጥታ ስታየን እጇን አጨበጨበች። ወላጆቻችን ተመካክረው ዩኒፎርም ያሰፉልን መስሏታል። «ጌታ ይባርካቸው፤ አራታችሁም ፊት ቁሙ» አለች። ቆምን። ጥቅሱን አንድ ቃል ሳልዘል አልኩት፤ ግን ከአፌ ሲወጣ አልሰማሁትም። እማዬ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ነበረች። አየኋት። ዓይኗን ወደ ጉልበቷ መለሰች። ሊዲያ የነገረችኝን ያመንኩት ያኔ ነው።

ቤት ስንገባ እማዬ ማዕድ ከመቅረቡ በፊት እጇን ትታጠብ ነበር።

«አንድ ብቻ ነው ያልሽኝ» አልኳት።

ሳሙናውን እንደገና አነሳች። የመለሰልኝ አባዬ ነው። እዚያ አገር ለነጋዴ አንድ ነጠላ አይሸጡም፣ ደርዘኑን ነው የምትወስጂው አለ። እማዬ ቀሚሱን ያነሳችው ለእኔ ብላ ነው፤ ሴትዮዋን አንዱን ብቻ ስጭኝ ብላ በጣቷ እያሳየች ብዙ ለምናታለች፤ እምቢ ስትላት ደርዘኑን ገዛች።

«እንደዚያ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አልኩ፣ አባዬን ሳይሆን እሷን እያየሁ።

«ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው» አለች እማዬ።

ይቅርታ አላለችም። ምግቡን ባረከች፤ ተቀመጥን። አሜን ብዬ እጄን ወደ ማዕዱ ስዘረጋ፣ በእነዚያ ቅዳሜዎች ለምን ሱቅ እንዳልወሰደችኝ ገባኝ። በሩ ላይ የተሰቀለውን እንዳላይ ነው። ከውሸቱ ይልቅ ይህ አሳመመኝ፤ ምክንያቱም አመስግኛት ነበር።

ዛሬ ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እኖራለሁ። እማዬ አብራኝ ናት፤ ስለ እርሷ ጌታ ይመስገን። ተምሬ እዚህ የደረስኩት በዚያች ሱቅ ነው፤ አልረሳውም። አሁን ጓንዡ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ዕቃው በስልክ ታዞ ይመጣል። ባለፈው ለስድስት ዓመት ልጄ ጫማ ገዛሁላት። አንዱን አጥልቃ፣ «እንደዚህ ያለ ጫማ ሌላ ልጅ አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ የኔ ቆንጆ፣ ብዙ ልጆች አላቸው» አልኳት። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ቀነሰ። አየሁት። እማዬ ሶፋው ላይ ነበረች፤ እሷም አየችው። ያንን ደስታ ላለማጣት ስንል ምን ልንናገር እንደምንችል ያን ዕለት አወቅሁ። ማወቄ ግን ያችን የዘጠኝ ዓመት ልጅ አላጽናናትም። እሷ እናቷን ያለ ጥያቄ ታምን ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ የገና በዓል ወዲህ እማዬ የምትነግረኝን ሁሉ ለራሴ አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ ተቀብዬ አላውቅም።

የዚያ ዓመት የገና ማግሥት ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ቀሚሱን በጥንቃቄ አጥፌ በመጣበት ላስቲክ ከተትኩትና እማዬ ስትወጣ ተከተልኳት። አልከለከለችኝም። ታክሲ ውስጥ ምን እንደያዝኩ ጠየቀችኝ።

«ዕቃ ነው» አልኳት።

መገናኛ ደርሰን ሱቁን ስትከፍት መስቀያ አነሳሁ፣ ወንበር ላይ ወጣሁ፣ ቀሚሱን ከሌሎቹ ሰማያዊ ቀሚሶች መሐል ሰቀልኩት። ከዚያ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ገዢ እስኪመጣ ጠበቅሁ።