ዘመድ እያላቸው ሆቴል ያረፉት ሽማግሌ

ፍኖተ ሰላም መሀል፣ እኔ ባረፍኩበት ትንሽ ሆቴል በረንዳ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የጋቢያቸው እጥፋት ገና አልተፈታም፤ የጎማ ጫማቸው ታጥቦ ያበራል።

አንዲት ሴት አገልግል ይዛ መጣች። «አጎቴ፣ ቤት እያለን ሆቴል ያድራሉ? ሰው ምን ይለናል!»

«አንቺ የእህቴ ልጅ፣ የተጣላሽው ከወንድሜ ልጅ። ነገ የሚያስታርቃችሁ ሰው ዛሬ የማንን እንጀራ ይቁረስ?»

«ባሌማ ለወንድምዎ ልጅ ያደላሉ ብሎ እርቁ ላይ አልገኝም ብሏል።»

«የወንድሜም ልጅ ጠዋት ሙክት አርጃለሁ ብሎ መጥቶ ነበር፤ መልሼዋለሁ።»

ሴትዮዋ ጉልበታቸውን ስማ፣ «እንግዲያው ነገ ባሌን ይዤው እመጣለሁ» አለች፤ አገልግሏንም አንሥታ ሄደች።

ሽማግሌው ወገባቸውን ቀጥ አድርገው አስተናጋጇን ጠሩ። «ልጄ፣ አሁን ያዘዝኩሽን ሽሮ አምጭልኝ።»