ፋናዬ ስለ ካርዷ የመሰከረች ዕለት

ፋናዬን የማታውቁ ካላችሁ፣ በተሰደድንበት ከተማ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር መጋረጃ የምትሰፋዋ ናት። የላቪንግተን ሰፈር ሀብታሞች መስኮት ግማሹ የእሷን ስፌት ለብሷል። እጇ ወርቅ ነው፤ አፏ ግን አያርፍም። ይህን የምለው እኔ የሺወርቅ፣ አፌ ከእሷ የባሰው ጎረቤቷ ነኝ።

ይህችን ሴት ለሰባት ዓመት ያቃታት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ውጭ አገር የሚሠራ የባንክ ካርድ። ባንክ ስትሄድ የስደተኛ መታወቂያዋን ገለባብጠው ያዩና "ነገ ተመለሺ" ይሏታል። ነገ ደግሞ አያልቅም። ስለዚህ በኢንተርኔት የሚከፈል ነገር በመጣ ቁጥር ሁላችንም ቅዳሜን ጠብቀን የምንሮጠው ሩንዳ ሰፈር፣ ጋሽ ፍሥሐ ቤት ነው። ጋሽ ፍሥሐ ዓለም አቀፍ ድርጅት የሚሠሩ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። በካርዳቸው አይሰስቱም። ግን ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ሁለቴ ተሳፍራችሁ ሄዳችሁ፣ ስኳር የሌለው ሻይ ጠጥታችሁ፣ የሁለት ሰዓት ምክር ሳትሰሙ ካርዱ ከኪሳቸው አይወጣም። እኔ አንዴ የስልክ ሽፋን ላስገዛ ሄጄ ስለ ጉበቴ ተመክሬ ተመልሻለሁ።

ዘንድሮ ባንኮቹ እርስ በርስ ፉክክር ተያያዙ። መጀመሪያ አንዱ "በስደተኛ መታወቂያ ካርድ እንሰጣለን" ብሎ ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ሐምራዊ ድንኳን ተከለ። በሳምንቱ ሌላው መጥቶ ፊት ለፊቱ ብርቱካናማ ተከለ። ትናንት "ነገ ነይ" ሲሉን የነበሩት "እህታችን፣ እህታችን" ማለት! ጉድ እኮ ነው! ፋናዬ ደግሞ ገበያ የወጣች መሰላት። "እነዚያ የካርዱን ክፍያ ትተውልኛል፤ እናንተስ?" እያለች ከድንኳን ድንኳን ስትመላለስ ቆይታ፣ ብርቱካናማው ክፍያውንም ትቶ ጃንጥላ ሲመርቅላት እሺ አለች። ስሟ የተጻፈበት ካርድ መጣላት።

በሰዓቱ ነው የመጣው። ልጇን ያኤልን አንድ የውጭ አገር የነርሶች ትምህርት ቤት ተቀብሏታል። ቦታዋ የሚጸናው ክፍያው በካርድ ሲገባ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ቀን ደግሞ ይህ የምነግራችሁ እሑድ ነው። ፋናዬ የስምንት ወር የመጋረጃ ገንዘቧን ባንክ አስገብታለች።

"ማሚ፣ አሁን ከፍለን እንገላገል" አለቻት ያኤል ጠዋት።

"ጌታን ሳላመሰግን? መጀመሪያ ምስክርነት!"

ወጣችላችሁ መድረክ ላይ። "ሰባት ዓመት ነገ ነገ ተባልኩ! ዛሬ ግን ስሜ ይኸው! እዩት!" ካርዱን ከፍ አደረገችው። ፊቱን አሳየች፤ ጀርባውንም አሳየች። ካሜራ የሚይዘው ፋኑኤል ደግሞ አዲስ ካሜራ ተገዝቶለት የሚሞክርበት አጥቶ ነበር፤ ካርዱን አቅርቦ አቅርቦ ስክሪኑን ሞላው። አዳራሹ እልል አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም እልል ካሉት አንዷ ነኝ።

"ማሚ! ላይቭ ላይ ነን እኮ!" ብላ ያኤል ስትጮህ የፋናዬ ስልክ ጠራ። ጉንፋን ይዟቸው አምልኮውን ከቤት የሚከታተሉት ጋሽ ፍሥሐ ናቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ቁጥሩን ሁሉ አነበብኩት! ከኋላ ያሉትን ሦስቱን ምስጢር ቁጥሮችም! ሮጠሽ አዘጊው!"

ሮጥን። የብርቱካናማው ድንኳን ሠራተኛ ካርዱን ወዲያው ዘጋው። ገንዘቡ አልተነካም፤ አዲስ ካርድ ግን ማክሰኞ ነው። ፋናዬ መንገዱ ዳር ዘፍ አለች። "ማክሰኞ? ልጄን በገዛ ምላሴ አስቀረኋት!" ጋሽ ፍሥሐ ጋ ደወልን፤ ይጠራል፣ አያነሱም። ደግመን ደወልን። ያኤል አላለቀሰችም፤ እናቷን ብቻ ታባብላለች። እኔን ያስለቀሰኝ እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ያየችው የሐምራዊው ድንኳን ሠራተኛ ኩለሱም መንገዱን ተሻግራ መጣች። የሞያሌ ልጅ ናትና አማርኛ ታውቃለች። "ፖሌ፣ ማማ፤ አይዞሽ። እኛ ካርዱን አሁኑኑ እንሰጣለን። ስምሽ ግን አይጻፍበትም።"

ፋናዬ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "የእኔ ስም ይቅርና ልጄ ትግባ።" ቀጠለችና፣ "ጃንጥላስ አላችሁ?" አለች። አይ ፋናዬ!

ገንዘቡን በስልኳ ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው አዛወረች። ያኤል ደረጃው ላይ ተቀምጣ ቁጥሩን ስትመታ፣ እኔ ማንም እንዳያይ የተመረቀላትን ጃንጥላ ዘርግቼ ጋረድኳት። "ክፍያዎ ደርሶናል" ሲል ሦስታችንም ተቃቅፈን ተላቀስን።

ያኔ የጋሽ ፍሥሐ መኪና ደረሰ። አፍንጫቸው ቀልቶ፣ በፒጃማቸው ላይ ኮት ደርበው፣ ካርዳቸውን በእጃቸው ይዘው ወረዱ። ስልክ ያላነሱት ለካ እየነዱ ስለነበር ነው።

"ይኸው! ቶሎ ክፈይበት!"

"ከፈልን፣ ጋሼ። በራሴ ካርድ።"

"እሰይ! እሰይ!" አሉ። ካርዱን ሊመልሱት ኪሳቸውን ፈለጉ፤ ቶሎ አላገኙትም። ድንኳኖቹንና የተሰለፈውን ሰው አዩ። "እንግዲህ ሁላችሁም ካርድ ልታወጡ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ማን ይመጣልኛል?"

እንዴት እንዳፈርኩ! ፋናዬ ግን ቀና ብላ የመኪናቸውን በር ያዘች። "የሳሎንዎ መጋረጃ አርጅቷል፣ ጋሼ። ቅዳሜ ልለካ እመጣለሁ።"

ቅዳሜ በሁለት ማታቱ ሄድን። አንድ መስኮት ለመለካት ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀ፤ ስለ ጉበቴም ደግሜ ተመከርኩ። ይኸው አራት ወር ሆነው፣ መጋረጃው አላለቀም። በሕይወቷ ልክ ስታ የማታውቅ ሴት፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር "ልኩ ተሳስቶብኛል" ብላ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ ትወጣለች።